ማስተርስ ላለው ነርስ ዲኤንፒ ወይስ ፒኤችዲ?

ጥያቄ

በአሜሪካ የነርስ ፕራክቲሽነር (ታማሚ የሚመረምርና መድኃኒት የሚያዝ ነርስ) የማስተርስ ዲግሪ ይዤ በሆስፒታል ውስጥ እሠራለሁ። ከአሁን በኋላ ያለ ዶክትሬት በዚህ ሙያ መቀጠል አይቻልም ሲባል ስለሰማሁ ለመመዝገብ አስቤአለሁ። ይሁን እንጂ ዲኤንፒ (በነርስነት የተግባር ሥራ ላይ ያተኮረው ዶክትሬት) ከፒኤችዲ በምን እንደሚለይና ከመመዝገቤ በፊት ዩኒቨርሲቲውን ምን መጠየቅ እንደሚገባኝ ግልጽ አልሆነልኝም። የተማራችሁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1

የሰሙት ወሬ መነሻ አለው። የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር አባላት እ.ኤ.አ. በ2004 ባጸደቁት የአቋም መግለጫ፣ ለነርስ ፕራክቲሽነርነትና ለመሰል የሙያ ደረጃዎች የሚያበቃው ትምህርት እስከ 2015 ድረስ ከማስተርስ ወደ ዶክትሬት እንዲያድግ ጠይቀው ነበር። መግለጫው ግን ምክር እንጂ ሕግ ስላልነበረ፣ ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላም በማስተርስ ተመርቆ ፈቃድ ማግኘት አልቀረም። ግዴታ የሆነው በሰመመን ሰጪ ነርሶች ላይ ነው፤ ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ዕውቅና ባለው ፕሮግራም ትምህርት የሚጀምሩት በዶክትሬት ደረጃ ብቻ ነው። ዲኤንፒ መያዝም ብቻውን የሥራ ወሰንዎን አያሰፋም፤ ወሰኑን የሚወስነው የየግዛቱ ሕግ ነው።

መልስ 2

ፒኤችዲ አዲስ ዕውቀት ለማፍለቅ፣ ዲኤንፒ ደግሞ የተገኘውን ዕውቀት በታማሚው አልጋ አጠገብ ሥራ ላይ ለማዋል ነው ይባላል፤ ሁለተኛው ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። የእኔ የመመረቂያ ፕሮጀክት በፈረቃ ርክክብ ወረቀት ላይ «የሽንት ካቴተሩ (ቱቦው) ዛሬም ያስፈልጋል?» የሚል አንድ ጥያቄ ማስገባት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወረቀቶቹን ሳገላብጥ «አዎ» የሚለው ሣጥን በአንድ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ተሞልቶ አገኘሁት፤ ታማሚውን ማንም አላየውም ማለት ነው። ሣጥኑን አንሥቼ ምክንያቱን በአጭሩ እንዲጽፉ ባደረግሁ ጊዜ ካቴተሮቹ መነሣት ጀመሩ። ከስታቲስቲክሱ ይልቅ ያደከመኝ የሌሊት ፈረቃ ባልደረቦቼን ማሳመን ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ የሚያጓጓዎት ከሆነ ዲኤንፒን ይምረጡ።

መልስ 3

ከክፍያው በፊት ስለ ልምምድ ሰዓት ይጠይቁ። የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የዲኤንፒ መመዘኛ ከባችለር ዲግሪ በኋላ ቢያንስ 1,000 የልምምድ ሰዓት ይጠይቅ ነበር፤ መመዘኛው በ2021 ስለተሻሻለ ፕሮግራሙ አሁን ስንት ሰዓት እንደሚጠይቅና በማስተርስ ከሠሩት ውስጥ ስንቱን እንደሚቀበል በጽሑፍ ያስረዱዎት። ልምምድዎን የሚከታተለውን ባለሙያ ማን እንደሚፈልግም ይወቁ። እኔ የተማርሁበት ቦታ ይህን ለተማሪው ይተው ስለነበር፣ እሺ ያለኝ ሰው በመጨረሻው ሳምንት ሐሳቡን ቀይሮ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ባክኖብኛል። የፕሮግራሙን ዕውቅና ማጣራትማ የማይታለፍ ነው።

ጠያቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወደፊት ማስተማር ብፈልግስ?

መልስ 2

ዲኤንፒ ይዘው የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው፣ በተለይም በክሊኒክ ትምህርት። ምርምር ዋና ሥራቸው በሆነ ዩኒቨርሲቲዎች ቋሚ የመምህርነት ቦታ ለማግኘት ግን ብዙውን ጊዜ ፒኤችዲ ይመረጣልና፣ ማስተማሩ የቅርብ ዕቅድዎ ከሆነ እዚያ የወጡ የቅጥር ማስታወቂያዎችን አስቀድመው ያንብቡ።