«ታይታኒክ»ን አብረን አይተን በተለያየ ቦታ የምናለቅሰው ለምንድን ነው?

የአዌቱ ዳር (ጅማ)፦

ባለፈው እሑድ ሄርማታ በሚገኘው የአክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ሳለ፣ ከዝናቡ የተነሣ ማንም ወደ ቤቱ መሄድ ስላልቻለ፣ ስለ መርከቧ መስጠም የሚተርከውን «ታይታኒክ» የተባለውን ፊልም ለቤተሰቡ ከፍቼ አሳየሁ። አክስቴ እንግሊዝኛ ስለማትሰማ ንግግሩን ጎኗ ተቀምጬ እየተረጎምኩላት ነበር። ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ የሚፈጅ ፊልም በመሆኑ ከመካከሉ ይሰለቹታል ብዬ ሠግቼ ነበር፤ ነገር ግን ቶናው ከተቀዳ በኋላ በረካውን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ሁለቱ የአክስቴ ሴት ልጆች ያለቀሱት ሮዝ የፍቅረኛዋን የጃክን የቀዘቀዘ እጅ ለቃ ወደ ባሕሩ ስትሰደው ነው። አክስቴ ግን በዚያ ቦታ አንዲት ጠብታ እንኳ አላፈሰሰችም። እሷ ያለቀሰችው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በሦስተኛ ማዕረግ የምትጓዝ አንዲት እናት ማምለጫ እንደሌለ ስታውቅ ልጆቿን አልጋ ላይ አስተኝታ፣ እርጅና ስለሌለባት አገር ተረት ስትነግራቸው ነው። ትዕይንቱ በጣም አጭር ነው፤ የሴትዮዋ ስም እንኳ ሲጠራ አልሰማሁም። ጡረተኛው ጎረቤታችን ደግሞ ውኃው ከሥራቸው እየገባ ተቃቅፈው የተኙትን አረጋውያን ባልና ሚስት ሲያዩ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ታናሽ ወንድሜ ምንም ሳይናገር ወጥቶ ፊቱን ታጥቦ ተመለሰ።

መርከቧ እንደምትሰጥም ሁላችንም ከመጀመሪያው እናውቃለን። አደጋው የደረሰው በሚያዝያ ወር 1904 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጃክና ሮዝ ደግሞ ጭራሹን በሕይወት ያልነበሩ፣ ለፊልሙ የተፈጠሩ ገጸ ባሕርያት ናቸው። ታዲያ እንባው ከየት ይመጣል? አንድ ወዳጄ የሙዚቃው ኃይል ነው ይላል፤ ነገር ግን ሁላችንም አንድ ሙዚቃ እየሰማን ያለቀስነው በየራሳችን ቦታ ስለሆነ ይህ መልስ አላረካኝም። ያሰባችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።

የድሮ ትኬት ቆራጭ (መርካቶ፣ ጅማ)፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ መለሰኝ። ይህ ፊልም 11 ኦስካር ተሸልሞ ዝናው እኛ ከተማ በደረሰ ጊዜ፣ እኔ በአንድ ቪዲዮ ቤት ትኬት እቆርጥ ነበር። ፊልሙን ደጋግሜ ስላየሁት ከጊዜ በኋላ በሩ አጠገብ ቆሜ የምመለከተው ተመልካቹን ነበር። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት አብዛኞቹ የድብድብ ፊልም የለመዱ ወጣት ወንዶች ነበሩ፤ ሆኖም መጨረሻው ሲቃረብ መብራቱን ቶሎ እንዳላበራ የሚለምነኝ ሰው አይጠፋም ነበር። ፊቱን እስኪያብስ ጊዜ ይፈልግ ነበርና።

ፍጻሜውን ማወቃችን እንባውን የሚቀንስ ይመስላል፤ እኔ ግን ተቃራኒው እውነት ነው እላለሁ። ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን ገና በመግቢያው ላይ፣ መርከቧ እንዴት ውኃ እንደሞላች፣ እንዴት ለሁለት እንደተሰበረችና እንደሰጠመች ከአደጋው ተርፋ በእርጅናዋ ታሪኩን ለምትተርከው ለሮዝ በኮምፒውተር ሥዕል እንዲታያት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ተመልካቹ «ምን ይሆናል?» ብሎ አይጨነቅም፤ ዐይኑ በሙሉ ሰዎቹ ላይ ያርፋል። ሲስቁ፣ ሲጨፍሩ፣ ስለ ነገ ሲያቅዱ እያየ፣ እነሱ የማያውቁትን እሱ ብቻ ተሸክሞ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ነገር የጊዜው ርዝመት ነው። ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ ለመሰናበት ፋታ አይሰጡም፤ ታይታኒክ ግን ከበረዶው ቋጥኝ ጋር ከተጋጨች በኋላ እስክትሰጥም ሁለት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወስዶባታል። በመርከቧ ላይ ከ2,200 በላይ ሰዎች ነበሩ፤ 20ዎቹ የነፍስ አድን ጀልባዎች ግን ቢሞሉ እንኳ የሚይዙት 1,178 ሰው ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁሉም ሰው ማን እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር የሚመርጥበት ጊዜ ነበረው፤ የሚያስለቅሰንም ይህ ምርጫ ነው። ለጎረቤታችሁ ንገራቸው፤ እነዚያ አረጋውያን በእውነት የነበሩትን ኢሲዶርና አይዳ ስትራውስን እንዲያስታውሱ የገቡ ናቸው። አይዳ ጀልባ ላይ እንድትሳፈር ብትጠየቅ ባሏን ትታ ለመሄድ እምቢ ብላ አብራው ቀርታለች።

የሥነ ልቦና መምህርት (ጅማ)፦

ከላይ የተጻፈው ስለ ፊልሙ አሠራር ትክክል ይመስለኛል፤ እኔ ስለ ተመልካቹ ጥቂት ልጨምር። በኔዘርላንድስ ቲልበርግ ዩኒቨርሲቲ ስለ ልቅሶ ለብዙ ዓመታት ያጠኑት አድ ፊንገርሁትስ እና ባልደረቦቻቸው በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች አሳዛኝ ፊልም እንዲያዩ አድርገው ስሜታቸውን ለክተው ነበር። ያለቀሱት ሰዎች ፊልሙ እንዳለቀ ስሜታቸው ወርዶ ተገኘ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ወደነበረበት ተመለሰ፤ ከ90 ደቂቃ በኋላ ግን ፊልሙን ከማየታቸው በፊት ከነበረውም የተሻለ ሆነ። እንባ ያቀልላል የሚባለው እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ወዲያውኑ አይደለም።

በየቦታው ስለማልቀሳችሁ ግን መልሱ ከቤተ ሙከራ ይልቅ ከእኛው ለቅሶ ቤት የሚገኝ ይመስለኛል። አልቃሽ የአንዱን ሟች ስም ጠርታ ሙሾ ስታወርድ፣ በዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ የየራሱን ሟች ያነሣል። ፊልሙም እንዲሁ ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው በር በሌላ ቁልፍ ይከፈታል። ሴት ልጆቹ ገና የሚያፈቅሩበት ዕድሜ ላይ ስለሆኑ መለያየትን ይፈራሉ። አክስትህን ለምን በዚያ ቦታ እንዳለቀሰች ጠይቀሃታል?

እህታችሁ ከቆጪ፦

አሰላሙ ዓለይኩም። መምህርት ሆይ፣ ጥናቱን አከብራለሁ፤ እኔን ግን እንባው አላቀለለኝም። ታላቅ ወንድሜ በባሕር ወደ የመን ለመሻገር ከሄደ ሰባት ዓመት ሆነው። ጀልባው ተገልብጧል የሚል ወሬ ሰማን፤ ሞቱን በዐይኔ አየሁ ብሎ መርዶ የነገረን ሰው ግን የለም፤ ሬሳም አልመጣም። እናቴ «ይመጣ ይሆናል» ስለምትል ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ ሰደቃም በወጉ አላወጣንለትም።

ይህን ፊልም ሁለት ጊዜ ጀምሬ አቋርጬዋለሁ። ሰው ሁሉ ስለ ፍቅሩ ሲያወራ እኔን የሚያቆመኝ ሌላ ቦታ ነው። ሰዎቹ በበረዷማው ውኃ ውስጥ ሆነው ሲጣሩ፣ ጀልባዎቹ ቦታ እያላቸው ርቀው ይቆማሉ፤ አንዱ ብቻ ይመለሳል፤ እሱም ሲደርስ ድምፁ ጠፍቷል። ሮዝ በፉጨት ጠርታ ሰው እንዲሰማት ስታደርግ ሌሎች ደስ ይላቸዋል፤ እኔ ግን ወንድሜ ተጣርቶ እንደሆነ፣ የሰማው ሰውም ነበረ እንደሆነ አስባለሁ። በሦስተኛው ጊዜ ከእናቴ ጋር አየነው። ያን ቦታ ስናይ እናቴ በሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን በለቅሶ ድምፅ ጠራችው። ቀለላት ወይ ብትሉኝ አላውቅም፤ ሌሊቱን ሁለታችንም አልተኛንም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ ስታወራ «ነበር» ማለት ጀምራለች።

የአዌቱ ዳር (ጅማ)፦

እህቴ፣ አላህ ለአንቺም ለእናትሽም መጽናናቱን ይስጣችሁ። የጻፍሽውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

የመምህርቷን ጥያቄ ይዤ ትናንት ወደ አክስቴ ሄጄ ነበር። ከሁለቱ ሴት ልጆቿ በፊት አንድ ወንድ ልጅ እንደነበራትና በአራት ዓመቱ በኩፍኝ እንደሞተባት ነገረችኝ። እስከ ትናንት ድረስ ስሙን ሰምቼው አላውቅም። ትኩሳቱ በባሰበት ሌሊት «ተረት ንገሪኝ» ስላላት የጦጣና የቀበሮን ተረት እስኪነጋ ድረስ እየደጋገመች ስትነግረው አድራለች፤ እንቅልፍ የወሰደው መስሏት ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ዐይኑን ገልጦ «ከዚያስ?» ይላት ነበር። ልነሣ ስል እጄን ይዛ፣ «የመርከቡን መስጠም ተወው፤ እናትየዋ ያለችበትን ብቻ ደግመህ አሳየኝ፤ ለልጆቿ የምትለውንም ቃል በቃል ተርጉምልኝ» አለችኝ። እሑድ ይዤላት እሄዳለሁ።