ፕሮላክቲኔን (የጡት ወተት እንዲመነጭ የሚያደርገውን ሆርሞን) ከፍ ያደረገው ጭንቀት ይሆን?
29 ዓመቴ ነው፣ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። የወር አበባዬ ከቀረ 4 ወር ሆነኝ። እርግዝና አይደለም፤ ሁለቴ ተመርምሬያለሁ። የታይሮይድ ውጤቴም ደህና ነው ተብያለሁ። ፕሮላክቲን ግን 34 ሆነ፤ ወረቀቱ ላይ ጣሪያው 25 ነው። የምወስደው መድኃኒት የለም።

ሐኪሙ «ጭንቀት ነው፣ አትጨነቂ» ብሎ ሸኘኝ። (እሱማ ቢሆንልኝ!) ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ከገባሁ 5 ወሬ ነው። እናቴም መሐል ሜዳ ከተማ ታማብኝ እመላለሳለሁ። 6 ኪሎ ቀንሻለሁ። የከሰዓት ቡና ብተውም እንቅልፌ አልተመለሰም።

ደም የሰጠሁት ደግሞ ከፈረቃ ወጥቼ፣ ሳልተኛ፣ ደረጃውን እየሮጥኩ ወጥቼ ነው። ጭንቀትና ድካም ራሱ ፕሮላክቲንን ከፍ እንደሚያደርግ አሁን ገና ሰማሁ። ምርመራውን ስደግም ውጤቱ እንዳይዛባ ከሌሊት ፈረቃው ስንት ቀን አርፌ ልሂድ?