«ከሽቦው ኋላ ማዕረግ ይቀልጣል» ሲባል ዝም ልበል?

የጉለሌ ልጅ፦ ትናንት ማታ ታሪክ ወዳድ ስለ ኮልዲትዝ የለጠፈውን አንብቤ ተናድጃለሁ። ኮልዲትዝ ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አስቸጋሪ የሚሏቸውን ምርኮኛ መኮንኖች ያጎሩበት ግንብ ነው። ጽሑፉ ጥሩ ነው። ግን መጨረሻው ላይ «ከሽቦው ኋላ ማዕረግ ይቀልጣል፣ ሁሉም ወንድም ይሆናል» ይላል። አልቀለጠም! እዚያ ታስሮ የነበረውን፣ ሁለት እግሩን አጥቶ የተዋጋውን እንግሊዛዊ አብራሪ፣ ዳግላስ ባደርን፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ገላውን ሊታጠብ ሲል ደረጃውን አዝሎ የሚያወርደው አሌክስ ሮስ የሚባል ተራ ወታደር ነበር። ሮስ ቁስለኛ አንሺ ስለነበር ወደ አገሩ እንዲመለስ ተፈቀደለት። ባደር አገልጋዬ ነው፣ አይሄድም አለ። ሮስ ጦርነቱ እስኪያልቅ ታስሮ ቀረ። ወንድም እንዲህ ያደርጋል?

ታሪክ ወዳድ፦ ባደር አንድ ሰው ነው። በሱ ጠባይ ሁሉንም አትፍረድ። ጀርመኖች ሳጋን በሚባል ከተማ የነበራቸውን የአየር ኃይል ምርኮኞች ካምፕ ተመልከት። ምርኮኞቹ ለማምለጥ የቆፈሩት፣ «ሃሪ» ያሉት ዋሻ 9 ሜትር ጠልቆ 100 ሜትር ገደማ ይሄዳል። የቆፈሩትን አሸዋ የት ያድርጉት? ረጅም ጠባብ ከረጢት ሰፍተው በሱሪያቸው ውስጥ ያንጠለጥላሉ። ግቢ ውስጥ እየተንሸራሸሩ ክሩን ሳብ ሲያደርጉ አሸዋው በቁርጭምጭሚታቸው በኩል ይፈስሳል። በእግራቸው ከአፈሩ ጋር ያመሳስሉታል። 600 ያህል ሰው እንዲህ ሠርቷል። የሚወጣው ግን 200 ብቻ እንደሆነ ያውቁ ነበር። እኔ ወንድምነት የምለው ይህን ነው።

ታሪክ ወዳድ፦ ደግሞ ልጨምር። ማን ቀድሞ ይውጣ ሲባል በማዕረግ አልሄዱም። መጀመሪያ ጀርመንኛ የሚችሉና የማምለጥ ዕድል ያላቸው፣ ቀጥሎ ብዙ የለፉ፣ የቀረው በዕጣ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1944 በአንድ ሌሊት 76 ሰው ወጣ። 73ቱ ተያዙ። 50ዎቹን በሂትለር ትእዛዝ ረሸኗቸው። እንግሊዙም፣ ፖላንዳዊውም፣ ኖርዌያዊውም አብሮ ነው የሞተው።

ነርሷ ከዳላስ፦ ወንድሜ፣ ለሞቱት ነፍስ ይማር፤ እኔም አዝንላቸዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዕጣው ውስጥ የገባው ማን ነው? መኮንን ከመኮንን ጋር! እ.ኤ.አ. በ1929ኙ ስለ ምርኮኞች አያያዝ በተደረገው የጄኔቫ ስምምነት የተማረከ መኮንን ሥራ አይገደድም። ተራው ወታደር ግን ይገደዳል። እንዲያውም ለመኮንኖች ካምፕ አገልጋይ ወታደር እንዲመደብ ስምምነቱ ራሱ ያዛል። አንዱ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ዋሻ ያስባል። ሌላው የከሰል ማዕድን ውስጥ ሲለፋ ይውላል። ማታ ምን አቅም ኖሮት ይቆፍራል?

አስር አለቃው፦ እኔ ወታደር ነበርኩ። ለመኮንኔ ሻይ አፍልቻለሁ፣ ጫማውን ጠርጌያለሁ። አልተዋረድኩም። ሲቆስል ተሸክሜዋለሁ፤ እሱም የመጨረሻ ውሃውን አካፍሎኛል። ያልኖረበት ሰው «አገልጋይ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ ባይጮህ ጥሩ ነው።

የጉለሌ ልጅ፦ አስር አለቃ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ወደ ቤትህ መሄድ ትችላለህ ሲባሉ መኮንንዎ ከልክሎዎታል? የኔ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ሻዩ ላይ አይደለም።

አስር አለቃው፦ አልከለከለኝም። ባደር ያደረገው ነውር ነው፤ እሱን አልደብቅም። ግን ወንድምነት የመኮንን ብቻ ነበር አትበሉ። ጆርጅ ግሪምሰንን ለምን አታነሱም? መኮንን አልነበረም። ሃይደክሩግ ከሚባለው የጀርመኖች ምርኮኛ ካምፕ አመለጠ። አገሩ መግባት ሲችል ከኋላው ለቀሩት መውጫ ላዘጋጅ ብሎ ጀርመን ውስጥ ቀረ። 1944 ላይ ደብዛው ጠፋ። ስለሱ ማን ይጽፋል?

ነርሷ ከዳላስ፦ አየህ፣ አንተው መለስከው። ማንም አይጽፍም። መኮንን ስላልነበረ ነው።

ሰማያዊ ጃኖ፦ እኔ ግን የማደንቀው ፌሊቼ ቤኑዚን ነው። አዲስ አበባ የጣሊያን ሹም የነበረው። እንግሊዞች ኬንያ ውስጥ ናንዩኪ አስረውት በ1943 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አምልጦ የኬንያን ተራራ ወጣ። ከዚያ ራሱ ተመልሶ ካምፑ ገባ። አንዱ ጓደኛው ሐኪም ነው...

የጉለሌ ልጅ፦ ያ ሰው አገራችን የመጣው ለቅኝ ግዛት ሥራ ነው! በዚያው ዘመን ጣሊያኖች የኛን ሰዎች ዳናኔና ኖክራ በሚባሉ እስር ቤቶች አጉረው በረሃብና በበሽታ ይጨርሷቸው ነበር። ተራራ ወጣ ብዬ አላጨበጭብም።

ሰማያዊ ጃኖ፦ ስለ ጓደኝነታቸው ነው ያነሳሁት እንጂ ወረራውን ደግፌ አይደለም። አፌ ውስጥ ቃል አትጨምር።

ነርሷ ከዳላስ፦ ወደ ኮልዲትዝ እንመለስ። ቢሬንድራናት ማዙምዳር የሚባል ሕንዳዊ ሐኪም ነበር። የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነው፤ ሙሉ ማዕረግ አለው። አብሬያችሁ ላምልጥ ቢል እንግሊዛውያን ጓዶቹ በዚህ ቆዳህ አይሆንም አሉት። ጀርመኖች በርሊን ወስደው ከእንግሊዝ ክዳ ሲሉት እንኳ እምቢ ያለ ሰው ነው። ሲመለስ እነዚያው ጓዶቹ ይጠረጥሩት ነበር።

ታሪክ ወዳድ፦ ይሄ እኔንም ያሳዝነኛል። ግን እውነቱን እንነጋገር። በ1942 ጀርመን ውስጥ ሕንዳዊ ባቡር ቢሳፈር መንገዱ ላይ ይያዛል። አብረውት ያሉትም ይያዛሉ። አስበውበት ነው።

ነርሷ ከዳላስ፦ ረሃብ አድማ መትቶ ወደ ሕንዶች ካምፕ ተዛወረ። ከዚያ ፈረንሳይ ውስጥ አመለጠ። በእግሩ ስዊዘርላንድ ገባ። በዚያው ቆዳው! በመንገዱ ላይ የፈረንሳይ ገበሬዎች አብልተውታል፣ አሳድረውታል። «አስበውበት» ያልካቸው ሰዎች ይሄን መንገድ አላሰቡትም።

ታሪክ ወዳድ፦ ፈረንሳይና ኮልዲትዝ ያለበት የጀርመኑ ሳክሶኒ አንድ አይደሉም። ቢሆንም እሺ። «ይቀልጣል» ያልኩት በዝቷል፤ «ይላላል» ብዬ አስተካክለዋለሁ። የሳጋኑን ግን አልተውም። አብረው ቆፍረው አብረው የተረሸኑ ሰዎች ናቸው።

አስር አለቃው፦ «ይላላል» እኔም እቀበላለሁ።

የጉለሌ ልጅ፦ እኔ አልቀበልም። ለማን ነው የላላው? ለባደር ነው ወይስ ለሮስ? እሱን ሳትመልስ ጽሑፉን አታስተካክል።