ዙም ላይ ድምፅ እየተቆራረጠ ተቸገርን፤ ፓኬጅ ልቀይር?

ጥያቄ (ደሴ)፦ ቤቱ የድንጋይ ግድግዳ ነው። ራውተሩ ሳሎን፣ ላፕቶፑ ጓዳ። ዩቲዩብ ደህና ይሠራል፤ ዙም ላይ ግን ምስሉ ይደርቃል። ፓኬጁን ላሳድገው?

መልስ 1፦ ቆይ ወንድሜ፣ ገንዘብህን አታውጣ። ዩቲዩብ አስቀድሞ እያጠራቀመ ስለሚያሳይ መቆራረጡን ይሸፍነዋል። ሁለት የፒንግ (መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካ ትእዛዝ) መስኮት ክፈት፤ አንዱን ወደ ራውተሩ (ብዙ ጊዜ 192.168.1.1)፣ ሌላውን ወደ 8.8.8.8 (ውጭ ያለ የጉግል አድራሻ)፣ ለ5 ደቂቃ ተዋቸው። የራውተሩ የመልስ ጊዜ ራሱ ከ5 ሚሊሰከንድ ወደ 200 የሚዘል ከሆነ ጥፋቱ ዋይፋዩ ነው። እሱ ረግቶ የውጭው ብቻ ከዘለለ ከውጭ የሚገባው የኢንተርኔት መስመር ነው።

መልስ 2 (ኮምቦልቻ)፦ ድንጋይ የዋይፋዩን 5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይውጠዋል። ለጓዳው የ2.4 ጊጋኸርዙን ተጠቀም፤ ቻናሉን ከ1፣ 6 ወይም 11 ጎረቤት ያልያዘውን ምረጥ፣ ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ አድርገው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከራውተሩ እስከ ላፕቶፑ የካት 5ኢ (የኔትወርክ ሽቦ ዓይነት) ኬብል መዘርጋት ነው፤ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል።

መልስ 3፦ ስልኮቹ ፎቶ ወደ ጉግል እየጫኑ እንዳይሆን! የመላኪያው መስመር ከሞላ ድምፁ ወረፋ ይጠብቃል። በስብሰባ ሰዓት አጥፋው። ደግሞ የሚቆራረጠው ምጣድ ሲሰካ ብቻ ከሆነ የራውተሩን መብራት እይ፤ ጠፍቶ ከበራ ቮልቴጁ ወርዷል ማለት ነው፣ ዋይፋዩን አትውቀስ።