ባሕር ላይ የወደቀ አብራሪን ማን ያነሳው ነበር?

የአሞራ ገደሉ (ሀዋሳ)፦
ሰላም ቤተሰብ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ባሕር ላይ የወደቁ አብራሪዎችን የሚያነሳ የአውሮፕላን ስኳድሮን ነበራቸው አሉ። እውነት ነው? እኛ ሀይቅ ላይ ጀልባ ቢገለበጥ ሌላ ጀልባ ነው የሚሄደው። አውሮፕላን ምን ያደርጋል?

ጡረተኛው መካኒክ (አዳማ)፦
እውነት ነው ልጄ። ደብረ ዘይት የአየር ኃይል ሞተር ስፈታ ስገጥም ነው ያረጀሁት፣ እንዲህ ያለ ወሬ አያልፈኝም። ጀርመኖች ቀድመዋቸው ነበር። ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ቀይ መስቀል ያለበት፣ ውሃ ላይ የሚያርፍ ሄንከል 59 የሚባል አውሮፕላን ነበራቸው። እንግሊዞች በ1940 (እ.ኤ.አ.) ብዙ አብራሪ ባሕር በላባቸው። በ1941 ነቁ። 275፣ 276፣ 277 እና 278 የሚባሉት ስኳድሮኖች ያኔ ተቋቋሙ።

ፈጣን ጀልባማ ነበራቸው። ጭንቁ ሰውየውን ማግኘቱ ነው። ማዕበል መሀል ያለች ጭንቅላት ከጀልባ ላይ አትታይም፤ ከአየርም ቢሆን ታስቸግራለች። ለዚህ ነው ጎማ ጀልባው ቢጫ የሆነው፣ ውሃውን የሚያቀልም ዱቄትም የተሰጣቸው። ውሃው ደግሞ የሀዋሳ ውሃ እንዳይመስልህ፣ በብርድ ይገድላል። ላይሳንደር የሚባል አውሮፕላን ፈልጎ ያገኘዋል፣ ጎማ ጀልባ ይጥልለታል። ከዚያ ዋልረስ የሚባል ሌላ አውሮፕላን መጥቶ ውሃው ላይ ያርፍና ይጭነዋል።

ዋልረስን ፎቶውን ፈልጋችሁ እዩት። መልክ የለውም! ድርብ ክንፍ፣ ሞተሩ ከላይ ተሰቅሎ ፕሮፔለሩ ወደ ኋላ የዞረ። ቀርፋፋ ነው። ግን ፈጣኑ ተዋጊ አውሮፕላን ስፒትፋየር ውሃ ላይ አያርፍማ።

ሚጡ (ሀዋሳ)፦
ጋሼ፣ ማዕበል ካለ እንዴት ይነሳል?

ጡረተኛው መካኒክ፦
አንዳንዴ አይነሳም የኔ ልጅ። ያኔ አብራሪው እንደ ጀልባ ውሃ ላይ እየነዳ ወደ አገሩ ይመለሳል።

ርግብ አርቢው (አዳማ)፦
ርግቧን ዊንኪን ረሷት እንዴ ጋሼ? በየካቲት 1942 አንድ ቦፎርት የሚባል የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሰሜን ባሕር ላይ ወደቀ። በውስጡ የነበረችው ርግብ ዘይት እንደነካት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ በርራ ቤቷ ገባች። መልእክት አልያዘችም። የበረረችበትን ሰዓት አስልተው ሰዎቹን አገኟቸው። በ1943 በጦርነት ለጀገኑ እንስሳት የሚሰጠውን የዲኪን ሜዳልያ ተሸለመች።

ጡረተኛው መካኒክ፦
ይሄ ነው! ማግኘቱ ነው ዋናው ያልኩት። በዚያው በ1943 ደግሞ ከሀድሰን አውሮፕላን ሙሉ የእንጨት ጀልባ በፓራሹት መጣል ጀመሩ።

የአሞራ ገደሉ፦
ከነሞተሩ?

ጡረተኛው መካኒክ፦
ከነሞተሩ፣ ከነሸራው። በሸራ መጓዝ ለማያውቅ አብራሪ የሸራ አጠቃቀም መመሪያ ሁሉ ውስጡ ነበር።