ሮም 6 ሌሊት፦ አንዷ ሁዳዴ፣ አንዷ ረመዳን። የት እንብላ፣ የት እንደር?

የቧንቧ ውሃዋ
ሰላም ለናንተ፤ አሰላሙ አለይኩም። እኔና ጓደኛዬ በመጋቢት መጀመሪያ ከደሴ ተነስተን ሮም 6 ሌሊት ልናድር ነው። እኔ የሁዳዴ ጾመኛ ነኝ፣ 9 ሰዓት ነው የምፈታው፤ እሷ ረመዳን ይዛለች። ቢያንስ ማታ ማታ አንድ ማዕድ መቅረብ እንፈልጋለን። ለሁለታችንም የሚሆን ምግብ ምን አለ? ማደሪያስ በየት በኩል ይሻላል? ስንቅ ብንይዝ አየር ማረፊያ ላይ ምን ይወስዱብናል?

የጦሳ ልጅ
አብሽሪ እህቴ፣ ይቻላል። ግን ከምግቡ በፊት ሰዓቱን አስቢ። የሮም ምግብ ቤቶች ኩሽና በኛ አቆጣጠር ቀን ከ6:30 እስከ 8:30 ወይም 9 ይሠራል፤ ከዚያ ይዘጋና ማታ 1:30 ገደማ ይከፈታል (በር ላይ 12:30፣ 14:30፣ 19:30 ተብሎ ነው የሚጻፈው)። አንቺ ስትፈቺ ኩሽናው ተዘግቷል። እሷም ስታፈጥር ገና አልተከፈተም፤ መግሪብ በዚያ ሰሞን 12:10 አካባቢ ነው። ባዶ ሆድ ይዞ ምግብ ቤት በር ላይ መቆም የሚመጣው ከዚህ ነው።

መፍትሔው ፎርኖ ነው። እኛ ዳቦውን ፎርኖ እንላለን፣ እዚያ ግን ዳቦ ቤቱ ራሱ ነው ፎርኖ። ፒዛ ቆርጠው የሚሸጡት ቤቶች (ፒዛ አል ታሊዮ) ደግሞ አብዛኞቹ ከሰዓትም አይዘጉም። ሁለት ዓይነት ፈልጉ፦ ፒዛ ሮሳ ቲማቲምና ዘይት ብቻ ነው፣ ፒዛ ቢያንካ ዘይትና ጨው ብቻ። አይብ የለባቸውም። የሚሸጠው በሚዛን ነው፤ አንድ ኤቶ 100 ግራም ማለት ነው፣ ለአንድ ሰው 2 ኤቶ ይይዛል። ሻጩ ቢላዋውን ፒዛው ላይ አስደግፎ በዓይኑ ይጠይቅሻል፤ ዝም ካልሽ በሰፊው ይቆርጠዋል፣ «ሜኖ» ስትይው ቢላዋውን ያጠጋል። አንዳንድ ቤት ሊጡ ውስጥ የአሳማ ስብ ስለሚገባ «ቼ ስትሩቶ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይቺ ጥያቄ ለሁለታችሁም ትሠራለች።

ሐይቅ ዳር
ማታ ማዕዱ ላይ ስትቀመጡ እንግዲህ፣ ካርቦናራ፣ አማትሪቻና እና ግሪቻን እለፏቸው፤ ሦስቱም ጓንቻሌ የሚባል የአሳማ ጉንጭ አለባቸው። ካቾ ኤ ፔፔ አሳማ ባይኖረውም አይብ ነው። የሚሆኗችሁ፦

አሊዮ ኤ ኦሊዮ፦ ስፓጌቲ በነጭ ሽንኩርት፣ በዘይትና በሚጥሚጣ መሳይ ቃሪያ።
አራቢያታ፦ ፔኔ በቲማቲምና በቃሪያ። የወሎ ምላስ የሚስማማው ይሄኛው ነው።
ፒዛ ማሪናራ፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ። አይብ በፍጹም የለውም።
ቺኮሪያ ሪፓሳታ፦ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ የተጠበሰ ጎመን በሉት፤ ትንሽ ይመራል።

ፓስታ ላይ ሳይጠየቁ አይብ መነስነስ ልማዳቸው ስለሆነ ስታዝዙ «ሴንሳ ፎርማጆ» በሉ። የፓስታውንም ዓይነት ለዩ፦ ስፓጌቲ፣ ፔኔ፣ ሪጋቶኒ የመሳሰሉት ደረቆቹ ዱቄትና ውሃ ናቸው፤ ፌቱቺኔና ራቪዮሊ ግን ብዙውን ጊዜ እንቁላል አለባቸው። የባቄላ ሾርባ የጾም ይመስላል፣ ግን የአሳማ ቆዳ ወይም ጓንቻሌ ይጨመርበታል። ፑንታሬሌ የሚሉት ሰላጣም አሊቺ የምትባል ትንሽ ዓሣ አለችበት፤ ዓሣ ለማይበላ ጾመኛ አይሆንም።

ሂሳቡ ላይ «ፓኔ» ወይም «ኮፐርቶ» የሚል ነገር ብታዩ አትደንግጡ፣ የዳቦና የመቀመጫ ነው። ዳቦውን ካልፈለጋችሁ ሲመጣ መልሱት። ውሃ ግን መግዛት የለባችሁም። መንገድ ዳር ናዞኔ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች ቀን ከሌት ይፈሳሉ፣ የሚጠጣ ነው። አፉን በጣት ስትደፍኑት ውሃው ከላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈናጠራል።

ከኮምቦልቻ
ስለ ማደሪያ፦ ለእናንተ ጾም ሆቴል ሳይሆን ማብሰያ ያለው ክፍል ነው የሚበጀው። ማስታወቂያው ላይ «አንጎሎ ኮቱራ» የሚል ፈልጉ። አልጋም እንዲሁ፤ «ማትሪሞኒያሌ» አንድ ሰፊ አልጋ ስለሆነ «ዱዌ ሌቲ» መሆኑን አረጋግጡ። ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማንኛውም ማደሪያ ቺን የሚባል መለያ ቁጥር ማስታወቂያው ላይ ማሳየት አለበት፤ ቁጥር ከሌለው ተዉት።

ሰፈሩን በተመለከተ፣ ኤስኩዊሊኖ (ፒያሳ ቪቶሪዮ ዙሪያ) ለዋናው ባቡር ጣቢያ ለቴርሚኒ በእግር ቅርብ ነው፤ የሰፈሩ ገበያ ውስጥ የሐላል ሥጋ፣ ምስርና ቅመም አለ፣ በጠዋት ሂዱ። የሐበሻ ምግብ ቤቶችም በዚያው በቴርሚኒ አካባቢ ናቸው። ጸጥታ ከፈለጋችሁ ግን ሳን ጆቫኒ ይሻላል።

ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ቴርሚኒ በቀጥታ የሚሄደው ሌዮናርዶ ኤክስፕሬስ በሰው 14 ዩሮ ነው። የ8 ዩሮው ኤፍኤል1 ባቡር ቴርሚኒ አይገባም፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሳን ጆቫኒ ካረፋችሁ ግን በኤፍኤል1 ሄዳችሁ ቱስኮላና ጣቢያ ወርዳችሁ ከፖንቴ ሉንጎ ሜትሮ ሀ መስመር ሁለት ፌርማታ ነው። የወረቀት ትኬት ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን አስመቱ፣ አለበለዚያ ትቀጣላችሁ።

የከተማው የማደሪያ ግብር ከክፍሉ ዋጋ ውጭ ነው። ባለ 3 ኮከብ ሆቴል በሰው በሌሊት 6 ዩሮ፣ ለሁለት ሰው 6 ሌሊት 72 ዩሮ ይሆናል። ይህንን ለይታችሁ ያዙ። ቢዴ (ከሽንት ቤት መቀመጫው አጠገብ ያለች መታጠቢያ) መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አይጠፋም፣ ለጓደኛሽ ምቹ ነው።

የጦሳ ልጅ
ስንቁን ማንም አልመለሰውም መሰለኝ። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ ሥጋና የወተት ውጤት አያስገባም። ስለዚህ ቋንጣ፣ ቅቤ፣ አይብ ደሴ ይቅሩ። ጭኮም በቅቤ የተለወሰ ነውና አብሮ ይቅር፤ በእሱ ፈንታ በሶውን ደረቁን ያዙ። ሽሮ፣ በርበሬና ዳቦ ቆሎ ችግር የለባቸውም፤ ማር በሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ለሁለት ሰው ለአንድ እራት 100 ግራም ሽሮ ብትይዙ 600 ግራም ይበቃችኋል። ከእንጀራ ይልቅ ድርቆሽ ያዙ፣ አይሻግትም፣ አይከብድም።

የቧንቧ ውሃዋ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ጀዛኩሙላህ። ጀበና ብንይዝስ?

ሐይቅ ዳር
ምድጃው ጋዝ ከሆነ ያዙ። ኢንዱሲዮኔ የሚባለው ለስላሳው ምድጃ ከሆነ ሸክላ አያሞቅም። ሞካ የምትባለው የብረት ቡና ማፍያ በአብዛኛው የሮም ኩሽና ውስጥ አለች፣ ጋዝ ላይ ትሠራለች። ቡናውን ግን ሙቀጫ ላይ እንደምታልሙት አታልሙት፣ ማጣሪያዋን ይደፍነዋል፤ ውሃ እስከ ጎኗ ቡሎን ሥር፣ ቡናው ደግሞ እስከ አፉ ይሞላ፣ አትጫኑት። እጣኑ ላይ ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩ፤ የጭስ ደወል ካለ መስኮት ከፍታችሁም ቢሆን ሊጮኽ ይችላል።