ሠራተኞች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሠሯቸውን የውስጥ መተግበሪያዎች የት እናስቀምጥ? ማንስ ይቆጣጠራቸው?

ጠያቂ (ገላን)

ገላን አካባቢ በሚገኝ የማሸጊያ ዕቃዎች ፋብሪካ ውስጥ የአይቲ ሥራውን ከአንድ ባልደረባዬ ጋር እሠራለሁ። ከአምና ጀምሮ ኮድ ጽፈው የማያውቁ የየክፍሉ ሠራተኞች በቻትጂፒቲና በመሰሎቹ እየታገዙ ለሥራቸው የሚሆኑ ትንንሽ መተግበሪያዎችን መሥራት ይዘዋል። መጋዘኑ የጥሬ ዕቃ መከታተያ አለው፤ የሰው ኃይል ክፍሉ የፈረቃና የትርፍ ሰዓት ማስሊያ፣ ሽያጭ ደግሞ የደንበኞች የዱቤ መዝገብ ሠርቷል። ጠቃሚነታቸውን አልክድም፤ ከዚህ ቀደም በኤክሴል ሲዞር ይውል የነበረው ሥራ አሁን በደቂቃዎች ያልቃል። ይሁን እንጂ አንዱ በግል ላፕቶፕ ላይ፣ ሌላው በውጭ አገር ነጻ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል፤ የዋናው ዳታቤዝ የይለፍ ቃል ኮዱ ውስጥ እንዳለ የተጻፈበትም አለ።

ሥራ አስኪያጃችን «ወይ ዝጋቸው፣ ወይ ኃላፊነቱን ውሰድ» ብለውኛል። ብዘጋቸው በስውር እንደሚቀጥሉ አውቃለሁ። መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት በዚህ አካባቢ፣ ሁለት ሰው ብቻ ይዘን፣ የት እናስቀምጣቸው? ማንስ ፈቃድ ይስጥ?

መልስ 1፦ የሲስተም አስተዳዳሪ (ቃሊቲ)

እንዳይዘጓቸው እመክራለሁ። ነገር ግን ዛሬውኑ ያንን የይለፍ ቃል ይቀይሩት። ከኮዱ ላይ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ በጊት (የኮድ ለውጦችን ሁሉ መዝግቦ በሚይዘው መሣሪያ) ታሪክ ውስጥና ከቻትቦቱ ጋር በተደረገው ንግግር ውስጥ ይቀራልና።

ማስቀመጫውን በተመለከተ፣ ተጠቃሚዎቹ ሁሉ ፋብሪካው ውስጥ ከሆኑ አንድ ሰርቨር እዚያው ቢኖራችሁ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም። ዩፒኤስ ያስፈልገዋል፤ ዩፒኤሱም ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲያጠፋ ተደርጎ መስተካከል አለበት፤ ይህን ብዙዎች ይዘነጉታል። ባክአፑ (መጠባበቂያ ቅጂው) ተመስጥሮ ከፋብሪካው ውጭ ሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ ተመልሶ መሥራቱም በየጊዜው ይሞከር።

ዋናው ነገር ግን መግቢያው ነው። እያንዳንዱን መተግበሪያ በየራሱ የዶከር ኮንቴይነር (ከሌሎቹ ተነጥሎ በሚሠራበት ክፍል) ውስጥ አስቀምጡና ከሁሉም ፊት እንደ ኪክሎክ ያለ አንድ የመግቢያ ሥርዓት አቁሙ፤ ፋብሪካ በአንድ በር፣ በአንድ ጥበቃ እንደሚገባበት ማለት ነው። መተግበሪያው የራሱን የመግቢያ ገጽ እንዲጽፍ ፈጽሞ አይፈቀድ። ኦዋስፕ የተባለው የሶፍትዌር ደህንነት ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የድረ ገጽ አደጋዎች ዝርዝር በአንደኛነት የተቀመጠው የመዳረሻ ቁጥጥር (ማን ምን ማየትና መለወጥ ይችላል የሚለው) ጉድለት ነው፤ በ2025 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ላቨብል በተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ የተሠሩ ብዙ ድረ ገጾች ዳታቤዛቸው ለማንም ክፍት ሆኖ ተገኝቶ፣ ጉዳዩ በታወቁ የደህንነት ክፍተቶች መዝገብ ሲቪኢ-2025-48757 በሚል ቁጥር ተመዝግቧል። ገጹ ሲታይ ያማረና የሚሠራ መሆኑ ከጀርባው ማን ምን ማንበብ እንደሚችል አይነግራችሁም። ከውጭ መግባት የሚያስፈልገው ሠራተኛ ካለ በዋየርጋርድ (በተመሰጠረ የቪፒኤን መስመር) ይግባ፤ ምንም ፖርት (የኔትወርክ መግቢያ) በቀጥታ ለኢንተርኔት አይከፈት።

ለዳታቤዙም ለእያንዳንዱ መተግበሪያ የራሱን ተጠቃሚ ፍጠሩለት፤ ሪፖርት ብቻ የሚያወጣው ከቅጂው ላይ ያንብብ እንጂ ዋናውን አይንካ። ኮድ የሚጽፈው ኤጀንትም (በራሱ እርምጃ የሚወስደው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት) የሥራ ላይ ዳታቤዝ ቁልፍ በእጁ አይግባ። በሐምሌ 2025 (እ.ኤ.አ.) ሪፕሊት የተባለው የመተግበሪያ መሥሪያ መድረክ ኤጀንት ምንም ነገር እንዳይለውጥ ታዞ ሳለ የአንድ ደንበኛን የሥራ ላይ ዳታቤዝ ማጥፋቱ በሰፊው ተዘግቧል፤ በቃል የተሰጠ ትእዛዝ የፈቃድ ገደብን አይተካም።

መልስ 2፦ የሒሳብ ባለሙያ (ለገጣፎ)

ከላይ የተሰጠው ምክር ጥሩ ቢሆንም እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በሩን በሥርዓት አልፎ የገባ የተሳሳተ ስሌት ነው። የትርፍ ሰዓት ማስሊያውን ምሳሌ ልውሰድ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የሚከፈለው የመደበኛው 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 ነው። የቀድሞው አዋጅ ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 1.25 እና 1.5 ይል ስለነበር፣ በቆየ ጽሑፍ የሠለጠነ ሞዴል የቱን እንደሚያወጣላችሁ ዋስትና የለም። «4 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈውን በፈረንጅ አቆጣጠር ወስዶ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አድርጎ ሊረዳውም ይችላል፤ ጳጉሜንን ረስቶ የወር ደመወዝ ቢያዛባም አይደንቀኝም።

ታክሱም እንዲሁ ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከታክስ ነጻ የነበረው የወር ደመወዝ እስከ 600 ብር ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 እስከ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። አሮጌው ሠንጠረዥ የተጻፈበት ኮድ ምንም ስህተት ሳያሳይ በየወሩ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ አላግባብ ይቆርጣል። ስለዚህ ገንዘብ የሚነካ መተግበሪያ ሁሉ ከአይቲ ፈቃድ ሌላ የሥራ ክፍሉን ኃላፊ ፊርማ ይሻል፤ ፊርማውም በእጅ የተሰሉ ናሙናዎች ከመተግበሪያው ውጤት ጋር ከተመሳከሩ በኋላ የሚሰጥ ይሁን። ለአንድ የደመወዝ ወር ከድሮው አሠራር ጋር ጎን ለጎን ቢሠራ ይመረጣል።

በተጨማሪም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሠራተኞችንና የደንበኞችን መረጃ የሚመለከት በመሆኑና ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በመሆኑ፣ የዱቤ መዝገቡ በውጭ ነጻ ሰርቨር ላይ መቀመጡን የሕግ ባለሙያችሁ ሳያዩት እንዳይቀር። እውነተኛ የደመወዝ ዝርዝር ቻትቦት ላይ ለጥፎ «ይህን የሚያሰላ ሥራልኝ» ማለትም መቆም አለበት፤ ለሙከራ የፈጠራ ስምና ቁጥር ይበቃል።

ጠያቂ (ገላን)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የምፈራው አንድ ነገር ነው፦ ለሁሉም ፊርማና ምርመራ ከጠየቅሁ ሰዉ ወደ ላፕቶፑ ይመለሳል። ለሁለት ሰው የሚቻለው ምን ያህሉ ነው?

መልስ 3፦ የሲስተም አስተዳዳሪ (ቃሊቲ)

ስጋትዎ ትክክል ነው፤ የሒሳብ ባለሙያውም ያሉትን እቀበላለሁ፤ እኔ ያላየሁት ጎን ነበር። ምርመራውን በሚነካው መረጃ ልክ ቢያደርጉት ይቻላል። የስብሰባ አዳራሽ መያዣን የመሰለ፣ የሰው መረጃም ገንዘብም የማይነካ መተግበሪያ ከበሩ ጀርባ እስከሆነ ድረስ ያለ ፊርማ ይግባ። የመጋዘኑን ዓይነት ከእናንተ አንዳችሁ ኮዱን አይታችሁ፣ እንደ ጊትሊክስ ባለ መሣሪያ የተደበቀ ቁልፍ ካለ ፈትሻችሁ አሳልፉት። ሙሉው ሥርዓት ለደመወዝና ለዱቤ ብቻ ይቀመጥ። በእኔ ግምት የሚበዙት ከመጀመሪያው ዓይነት ናቸው።

መዝገቡም አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ የመተግበሪያው ስም፣ ባለቤቱና ተተኪው፣ የሚነካው መረጃ፣ የሚያበቃበት ቀን። ባለቤቱ ቀኑ ሲደርስ ካላደሰው መተግበሪያው ይቆማል፤ መረጃው ግን ወዲያው አይጠፋም። ሠሪው ከድርጅቱ በለቀቀ ማግስት «ይህን ማን ያውቀዋል?» የሚል ጥያቄ እንዳይነሳ ተተኪውን ከመጀመሪያው ይጻፉ። ሰዉን ከላፕቶፑ የሚያመጣው ግን ፍጥነታችሁ ነው፤ ጠዋት ያስረከበውን ከሰዓት በኋላ ሰርቨሩ ላይ ካገኘው በስውር የሚሠራበት ምክንያት አይኖረውም።

ከየት ልጀምር ካሉኝ ከዱቤ መዝገቡ ይጀምሩ። መረጃውን ወደ ውስጥ ሰርቨር አምጥተው ከሽያጭ ክፍሉ ጋር ቆጥረው ከተረካከቡ በኋላ፣ የውጪውን ቅጂ ከነባክአፑ ያጥፉና መለያውን ራሱን ይዝጉት።